ሪባውንድ የሚወስደው ማን ነው? በባስኬትቦል ጂኤም ሬቲንግ አንብቦ ቡድን መሥራት

በጨዋታ 14 ሪባውንድ (ተስቶ የነጠረ ኳስ) የሚወስድ ተጫዋች ካላችሁ፣ የመሸጫው ጊዜ አሁን ነው። ይህን ስል የአክስቴ ልጅ ይቆጣል። እሱ የሰንጠረዥ ሰው ነው። የሪባውንዱን ዓምድ ነካ አድርጎ ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደረድረዋል፤ ከዚያ አንደኛ የወጣውን አይቶ «ጋሼ፣ ይሄን ሰውዬ ካላመጣሁ ዋንጫ የሚባል ነገር የለም» ይለኛል። ሰውየው የእኔ ቡድን ውስጥ ከሆነ በደስታ እሰጠዋለሁ። በምትኩ ማንም ዞር ብሎ ያላያቸውን ሁለት ረጃጅም ጋርዶች (ኳስ የሚያንጠባጥቡ የውጭ ተጫዋቾች) እቀበላለሁ። ለምን እንደዚያ እንደማደርግ ነው ዛሬ የምጽፈው።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ባስኬትቦል ጂኤም በስልክም በኮምፒውተርም ብሮውዘር ላይ የሚከፈት ነጻ ጨዋታ ነው። ኳስ የምታንጠባጥቡት እናንተ አይደላችሁም። እናንተ የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ናችሁ፤ ትገዛላችሁ፣ ትሸጣላችሁ፣ ድራፍት ታደርጋላችሁ (አዳዲስ ወጣቶችን በተራ ትመርጣላችሁ)፣ ደመወዝ ትከራከራላችሁ። ግጥሚያውን ኮምፒውተሩ ራሱ ያካሂደዋል። አንዴ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። እኔ ሐዋሳ ውስጥ አንድ ፋርማሲ የማታ ተረኛ ነኝ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ኔትወርኩ ይጥፋ አይጥፋ ለሊጉ ግድ አይሰጠውም። ሊጉ የሚቀመጠው እዚያው ብሮውዘራችሁ ውስጥ ነው። ስለዚህ የብሮውዘሩን ዳታ ካጸዳችሁት ሊጉም አብሮ ድራሹ ይጠፋል። በየጊዜው ኤክስፖርት እያደረጋችሁ ፋይሉን አስቀምጡ። እኔና የአክስቴ ልጅ ያንኑ ፋይል በቴሌግራም እየተላላክን ነው አንድ ሊግ ውስጥ የምንፎካከረው።

ከዚህ በታች የምነግራችሁ ግምት አይደለም። የጨዋታው ኮድ ለማንም ክፍት ነው፤ ፕሮግራመር ባትሆኑም የሪባውንዱን ክፍል ቁጭ ብላችሁ ብታነቡት ይገባችኋል። ቁጥሮቹ በማሻሻያ ሊነካኩ ይችላሉ። ሐሳቡ ግን ግልጽ ነው።

ስድስት ሬቲንግ፣ ሁለት አለቃ

የተጫዋቹን ስም ስትነኩ ሬቲንጎቹ (የችሎታ ነጥቦቹ) በሦስት ወገን ይመጣሉ። መጀመሪያ አካላዊዎቹ አሉ፤ ቁመት፣ ጉልበት፣ ፍጥነት፣ ዝላይ፣ ጽናት። ቀጥሎ ሹት የሚመለከቱት ይመጣሉ። መጨረሻ ላይ ክህሎቶቹ ናቸው፤ የማጥቃት አይኪው (የጨዋታ ብልህነት)፣ የመከላከል አይኪው፣ ድሪብል፣ ፓስ፣ እና ከሁሉም ታች ሪባውንድ። ሁሉም ከ0 እስከ 100 ነው የሚሄዱት።

ጀማሪ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ታች ያለችውን ሪባውንድ ብቻ አይቶ ይገዛል፣ ወይ ደግሞ ጉልበተኛና ዘላይ ሰው ፈልጎ «ይሄ ሪባውንድ ይለቅማል» ይላል። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ሁለተኛው እዚህ ጨዋታ ውስጥ ከእውነት በጣም የራቀ ነው።

ጨዋታው ለእያንዳንዱ ተጫዋች ስድስት ሬቲንግ ቀላቅሎ አንድ የሪባውንድ ቁጥር ይሠራል። እኔ ቅልቅል ነው የምለው። መጠኑ እንዲህ ነው፤ ቁመት በ2 ይባዛል፣ ሪባውንድ በ2፣ የማጥቃት አይኪው በ0.5፣ የመከላከል አይኪው በ0.5፣ ጉልበት በ0.1፣ ዝላይ በ0.1። ሁሉንም ደምሩና ለ5.2 አካፍሉ። የሚመጣው ቁጥር ከመቶ ነው፤ ጨዋታው ውስጥ ግን 62 ከሆነ 0.62 ተብሎ ነው የሚሠራበት።

በወረቀት እንሞክረው። አንዱ ተጫዋች ቁመቱ 75፣ ጉልበቱ 80፣ ዝላዩ 85 ነው። ስታዩት ያስፈራል። ሪባውንዱ 50፣ የማጥቃት አይኪው 40፣ የመከላከሉ 50 ነው። ስታሰሉት 0.60 ላይ ይቆማል። ሌላኛው ቁመቱ 60 ብቻ ነው፤ ጉልበቱ 35፣ ዝላዩ 30። ከመሬት ብድግ አይልም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ሪባውንዱ 80፣ የማጥቃት አይኪው 55፣ የመከላከሉ 60 ነው። የእሱ 0.66 ይመጣል። ዝላይ ላይ 10 ብትጨምሩ ቅልቅሉ የሚያድገው በ0.002 ብቻ ነው። ሪባውንድ ላይ ያንኑ 10 ብትጨምሩ በ0.038 ያድጋል። ሃያ እጥፍ ማለት ነው።

ይሄ ከእውነተኛው ቅርጫት ኳስ ጋር ይጣላል? ብዙም አይጣላም። ዴኒስ ሮድማን 2 ሜትር ከ1 ሳንቲ ነበር፤ ለትልልቆቹ ቦታ አጭር ይባላል። ከ1991-92 እስከ 1997-98 ድረስ ሰባት የውድድር ዓመት በተከታታይ የኤንቢኤ የሪባውንድ አንደኛ ሆኗል። ሰውየው ኳሱ ከቀለበቱ ነጥሮ ወዴት እንደሚሄድ ያጠና ነበር። «ሪባውንድ» የምትለዋ ሬቲንግ ያንን ዓይነት ነገር ነው የምትይዘው። ዝላይን ግን ጨዋታው ትንሽ በድሎታል ባይ ነኝ።

ደግሞ ዝላይና ጉልበት ከንቱ ናቸው ማለቴ አይደለም። ዝላይ ለብሎክ (የተወረወረ ኳስ ለመመለስ) በደንብ ይገባል፤ ጉልበት ቀለበቱ ሥር ለማግባትም ለመከላከልም ይጠቅማል። ለሪባውንድ ብላችሁ ገንዘብ አታውጡባቸው፣ በቃ።

ስለ ቁመት አንድ ነገር። ተጫዋቹ ስም ጎን የሚጻፈው ቁመትና የቁመት ሬቲንጉ አንድ አይደሉም። ሬቲንጉ የክንድን ርዝመትም ያስገባል። ሁለት ሰዎች እኩል 2 ሜትር ከ6 ተብለው ተጽፈው፣ አንዱ ሬቲንጉ 58 ሌላው 66 ሊሆን ይችላል። ሜዳ ላይ የሚሠራው ሬቲንጉ ነው። የተጻፈውን ሜትር እርሱት።

ሁለት ዕጣ አለ

ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው። ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ሹት ተስቶ ኳሱ ሲነጥር ጨዋታው «ማን ያዘው?» ብሎ በአንድ ጊዜ አይወስንም። መጀመሪያ ኳሱ ወደ ውጭ መውጣቱን ያያል፤ ከመቶ 15 ያህል ጊዜ ማንም ሳይይዘው ይወጣል። ከዚያ የመጀመሪያው ዕጣ ይወጣል፤ የትኛው ቡድን? ከዚያ ሁለተኛው፤ ካሸነፈው ቡድን አምስት ሰዎች ማን? ሁለቱ ዕጣዎች የሚወጡበት መንገድ ፍጹም የተለያየ ነው። የአክስቴ ልጅ የሚያየው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ጨዋታ የሚያሸንፈው ግን የመጀመሪያው ነው።

የመጀመሪያው ዕጣ የቡድኖቹን አማካይ ቅልቅል ያነጻጽራል። ሜዳ ላይ ያሉት አምስቱ ሰዎች ቅልቅላቸው ተደምሮ ለአምስት ይካፈላል። የሚከላከለው ቡድን ኳሱን የመያዝ ዕድሉ 0.75 ሲባዛ (2 ሲደመር የእሱ አማካይ) ሲካፈል (2 ሲደመር የአጥቂው አማካይ) ነው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ 75 ከመቶ ይመጣል። ያቺን «2» ልብ በሏት። የሁለቱንም ቁጥር ታሳብጠውና ልዩነታቸውን ታሟሟዋለች። እናንተ 0.60፣ ተቃራኒያችሁ 0.50 ብትሆኑ በቡድን ደረጃ ትልቅ ልዩነት ነው፤ የመከላከል ሪባውንዳችሁ ግን ከ75 ወደ 78 ነው የሚያድገው። ሦስት ነጥብ።

አንድ ሰው ብቻ ብትቀይሩስ? መካከለኛ ሰው አውጥታችሁ በቅልቅል 0.20 የሚበልጠውን አስገባችሁ እንበል። ይህ እኮ የሌሊትና የቀን ያህል የሚራራቅ ተጫዋች ነው። አማካዩ የሚያድገው በ0.04 ነው፤ ለአምስት ስለሚካፈል። ዕድላችሁ ከ75 ወደ 76.2 ይሄዳል። በየግጥሚያው በአንድ ቀለበት 38 ያህል የሚያዝ ኳስ ቢኖር፣ በመከላከል ግማሽ ኳስ፣ በማጥቃት ሌላ ግማሽ ኳስ ማለት ነው። በሁለቱም ወገን ተደምሮ አንድ የማጥቃት ዕድል፤ በነጥብ አንድ ገደማ። አንድ ነጥብ መናቅ የለበትም። ግን ለአንድ ነጥብ ሁለት የመጀመሪያ ዙር የድራፍት ምርጫ አይከፈልም።

አሁን ሁለተኛውን ዕጣ እዩት። ኳሱ የእናንተ ሆኗል፤ ከአምስቱ ለማን ይጻፍ? እዚህ ጨዋታው የእያንዳንዱን ቅልቅል ለመከላከል ሪባውንድ ሦስት ጊዜ በራሱ ያባዛዋል፤ ለማጥቃት ሪባውንድ ደግሞ አምስት ጊዜ። ከዚያ በድርሻቸው ዕጣ ይወጣል። ዕቁብ ውስጥ አንዱ ሰው ስምንት ዕጣ፣ ሌላው አንድ ዕጣ እንደያዘ ቁጠሩት። ትንሽ የሚበልጥ ሰው ብዙ ጊዜ ይወጣለታል።

በቁጥር፤ አምስታችሁ 0.70፣ 0.55፣ 0.45፣ 0.40፣ 0.35 ናችሁ እንበል። በመከላከል የመጀመሪያው ሰው ከመቶ 48 ተኩል ይወስዳል። ሁለተኛው 23 ተኩል፣ ሦስተኛው 13 ገደማ፣ አራተኛው 9፣ የመጨረሻው 6። በማጥቃት ደግሞ ያው የመጀመሪያው ሰው ብቻውን 64 ያህል ይጠቀልላል። ደካሞቹ ጨርሶ ዜሮ እንዳይሆኑ ጨዋታው ዝቅተኛ ድርሻ ያስቀምጥላቸዋል፤ ያለዚያ ከዚህም ይብስ ነበር። የ0.70 ሰውዬ ከ0.35ቱ በሬቲንግ እጥፍ ነው። በመከላከል ሪባውንድ ግን ስምንት እጥፍ ይዞ ይወጣል።

እንግዲህ የ14 ሪባውንድ ሰውዬ ከየት እንደመጣ አያችሁት። አብዛኛውን ከተቃራኒ አልቀማም። ከራሱ ጓደኞች ነው የወሰደው። እሱ ባይኖር ኖሮ ቡድኑ ያንኑ ኳስ ከሞላ ጎደል ይይዘው ነበር፤ በሌላ ሰው ስም ይጻፋል እንጂ።

ርካሹ ሪባውንድ ያለው ጋርዶቹ ጋ ነው

የመጀመሪያው ዕጣ አማካይ ነው የሚያየው ብያለሁ። አማካይ ደግሞ ለሰው ፊት አያደላም። ሴንተራችሁን (ቀለበቱ ሥር የሚጫወተውን ትልቁን ሰው) ከ0.55 ወደ 0.70 ብታሳድጉትና ጋርዳችሁን ከ0.35 ወደ 0.50 ብታሳድጉት፣ ለቡድኑ ሁለቱም በትክክል እኩል ናቸው። ልዩነቱ ገበያው ላይ ነው። የ0.70 ሴንተር ሰንጠረዡ አናት ላይ ይወጣል፤ ሪባውንዱ ፒኢአሩን (የአጠቃላይ ብቃት ስታትስቲክሱን) ከፍ ያደርገዋል፤ ፒኢአሩ ደግሞ ሌሎቹ ቡድኖች የሚሰጡትን ዋጋ ከፍ ያደርገዋል። የ0.50 ጋርድ ግን አራት ሪባውንድ ምናምን ይዞ ነው የሚውለው። ማንም አያየውም። በነጻ ነው የምታገኙት ማለት ይቀለኛል።

ስለዚህ እኔ የማደርገው ይህ ነው። ሰንጠረዡን በሪባውንድ አልደረድርም። በቁመት ሬቲንግ እደረድርና ኳስ ማንጠባጠብና ሦስት ነጥብ መምታት የሚችሉትን እየለቀምኩ እወርዳለሁ። ጨዋታው ጎናቸው ላይ ጋርድ ብሎ ይጻፍ ፎርዋርድ ብሎ ይጻፍ ለሪባውንድ ዕጣው ምንም አይለውጥም። ከዚያ የሪባውንድ ሬቲንጋቸውን አያለሁ፤ ከ45 በላይ ከሆነ በቂዬ ነው። ሦስት እንደዚህ ዓይነት ሰው በሦስት አጫጭር ጋርዶች ቦታ ስትተኩ አማካያችሁ ብድግ ይላል፤ ስታትስቲክስ ላይ ግን ማንም «ሪባውንደር» የሚባል ሰው አይታይባችሁም። ሴንተራችሁ በጨዋታ 9 ነው የሚወስደው። የአክስቴ ልጅ አይቶ ይስቃል።

ለምን ቁመትን ከሪባውንድ ሬቲንግ አስቀደምኩ? ክብደታቸው እኩል አይደለም ወይ? እኩል ነው። ግን ሪባውንድ የምትለዋ ሬቲንግ ሜዳ ላይ የምትሠራው ለሪባውንድ ብቻ ነው። ቁመት ለብሎክ፣ ለውስጥ መከላከል፣ ቀለበት ሥር ለማግባትም ይሠራል። አይኪውዎቹም እንደዚሁ ብዙ ቦታ ይገባሉ። ሁለት ሰዎች እኩል 0.58 ከሆኑ፣ ቅልቅሉን ከቁመትና ከአይኪው ያገኘውን ውሰዱ። ከሪባውንድ ሬቲንግ ብቻ ያገኘው ሰው ኳሱ በእጁ ሲገባ ምን እንደሚያደርግበት አያውቅም።

እውነተኛው ኤንቢኤም ላይ የሚገርም ምሳሌ አለ። በ2016-17 ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ ጋርዱ ራስል ዌስትብሩክ በጨዋታ 10.7 ሪባውንድ ወሰደ፤ ግዙፉ ሴንተር ስቲቨን አዳምስ 7.7። አዳምስ ተቃራኒዎቹን በጀርባው እየገፋ ቦታ ያስለቅቃል፣ ዌስትብሩክ ሮጦ ይለቅማል። ባስኬትቦል ጂኤም ውስጥ በጀርባ መግፋት የሚባል ሬቲንግ የለም። ግን የአዳምስ ዓይነት ሰው ቡድኑን በመጀመሪያው ዕጣ እንደሚረዳ፣ ስሙ ደግሞ በሁለተኛው እንደማይወጣ፣ ሐሳቡ አንድ ነው።

ሁለት ትልልቅ ስታሰልፉ አትደንግጡ

ይሄ በየጊዜው የምጠየቀው ነገር ነው። «ጋሼ፣ ሌላ ሪባውንደር ገዛሁና የመጀመሪያው ወረደ። ሬቲንጉ ግን አልተነካም። ባግ ነው እንዴ?»

ባግ አይደለም። ያቺን አምስት ሰው አስታውሱ። የ0.55ቱን አውጥታችሁ ሌላ 0.70 አስገቡ። የመጀመሪያው ሰውዬ የመከላከል ድርሻ ከ48 ተኩል ወደ 39 ገደማ ይወርዳል። እሱ ሜዳ ላይ እያለ ቡድኑ 30 የመከላከል ሪባውንድ ቢይዝ፣ ከ14 ተኩል ወደ 11 ተኩል ወረደ ማለት ነው። ሰውየው ምንም አልሆነም። ዕጣው ውስጥ አቻ መጣበት። በተቃራኒው ደግሞ አንዱ ትልቅ ሲጎዳባችሁ ሌላኛው ድንገት 16 መውሰድ ይጀምራል፤ ሰዎች «ኮከብ ወጣልን» ብለው በኮንትራት ያስሩታል። ያን ጊዜ ኮንትራት አትፈርሙ። ያን ጊዜ ሽጡት።

የቡድኑ ሹትም ይጫወትባችኋል። ቡድናችሁ ብዙ ከሳተ የማጥቃት ሪባውንድ ይበዛል፤ የሚነሳ ኳስ በዝቷላ። ስለዚህ መጥፎ ቡድን ውስጥ ያለ ሴንተር በማጥቃት ሪባውንድ ሲያብረቀርቅ ብታዩ፣ ጓደኞቹ ስንት እንደሚስቱ አብራችሁ እዩ። በእውነተኛ ተጫዋቾች የ1960ዎቹን ሊግ ከከፈታችሁ ደግሞ ቁጥሮቹ ሌላ ዓለም ናቸው። ዊልት ቻምበርሌን ኖቬምበር 24 ቀን 1960 በአንድ ጨዋታ 55 ሪባውንድ ወስዷል፤ በዚያ ዘመን በፍጥነት ይሮጣል፣ ብዙ ይወረወራል፣ ብዙ ይሳታል። ዘመን ለዘመን የምታወዳድሩ ከሆነ አማካዩን ትታችሁ መቶኛውን ተመልከቱ።

መቶኛ ስል፤ አድቫንስድ ስታትስቲክስ ገጽ ላይ የማጥቃት፣ የመከላከልና የጠቅላላ ሪባውንድ መቶኛ አለ። ሰውየው ሜዳ ላይ እያለ ከተገኙት ኳሶች ስንቱን ወሰደ የሚለውን ነው የሚነግራችሁ። ከአማካዩ ይሻላል። ግን እሱም የሁለተኛው ዕጣ ውጤት ነው፤ ጓደኞቹ አጫጭር ከሆኑ ያብጣል።

ትንንሾቹ ነገሮች

ስሙ አጠገብ «አር» የምትል ፊደል ካያችሁ ቅልቅሉ 0.61 ያለፈ ሰው ነው። ያ ፊደል ለቡድኑ ትንሽ የሲነርጂ (የቅንጅት) ጭማሪ ያመጣል። ትንሽ ነው አልኩ። ደግሞ 0.60 ያለው ሰው ፊደሉ ስለሌለው ብቻ ዜሮ አይቆጠርም፤ ጨዋታው ከመስመሩ አጠገብ ያሉትን በከፊል ይቆጥራቸዋል። ፊደል ብላችሁ ዋጋ አትጨምሩ።

ድካም አለ። ቅልቅሉ ሜዳ ላይ በቀረው አቅም ይባዛል። ጽናቱ 20 የሆነ ግዙፍ ሰው 38 ደቂቃ ካስጫወታችሁት፣ ወረቀት ላይ ያሰላችሁት 0.70 አራተኛው ሩብ ላይ የለም። በመጀመሪያው ዕጣም በሁለተኛውም ይጎዳዋል።

ዕድሜን በተመለከተ ሪባውንድ ደግ ሬቲንግ ነው። በአንድ ዓመት ብዙም አይወርድም፣ በአንዴም አይዘልም። ቁመት ደግሞ አይሸሽም። የሚሸሹት ዝላይና ፍጥነት ናቸው፤ ከ27 ዓመት ወዲያ በየዓመቱ ይቆርሳሉ። ለዚህ ነው የ33 ዓመት ሴንተር አጠቃላይ ሬቲንጉ እየተንኮታኮተ ሪባውንዱ ሳይነካ የሚቆየው። ለአሥራ አምስት ደቂቃ ተቀያሪ እንደዚህ ያለ ሽማግሌ በዝቅተኛው ደመወዝ ማምጣት ጥሩ ነገር ነው። ወጣቶቹ ላይ ደግሞ አይኪውዎቹ ቶሎ ያድጋሉ፤ የ19 ዓመት ልጅ ቅልቅሉ በሁለት ሦስት ዓመት ከፍ የሚለው ብዙ ጊዜ በዚያ በኩል ነው። እንዲረዝም አትጠብቁ። ሊያጋጥም ይችላል፤ ግን ብርቅ ነው።

ድራፍት ላይ ሌላ ጥንቃቄ አለ። የምታዩት ሬቲንግ እውነተኛው አይደለም፤ የስካውቶቻችሁ (የተጫዋች መልማዮቻችሁ) ግምት ነው፣ ስህተት አለበት። ገና ያልተጫወተ ልጅ ላይ ስህተቱ ይሰፋል። ሪባውንዱ 70 ተብሎ የተጻፈው ልጅ 62 ሊሆን ይችላል። ቁመት ግን አይደበዝዝም፤ ያው የምታዩት ነው። ድራፍት ላይ ቁመትን የማስቀድምበት ሌላው ምክንያት ይሄ ነው።

ራሳችሁ ፈትሹት

እኔን አትመኑኝ። ሊጋችሁን ኤክስፖርት አድርጉና ቅጂውን እንደ አዲስ ሊግ አስገቡት። ቅጂው ላይ ጎድ ሞድን (ሬቲንግ እንደፈለጋችሁ የምትቀይሩበትን) ክፈቱ። ዋናው ሊጋችሁ ላይ አትክፈቱት፤ ስኬቶቻችሁ መመዝገብ ያቆማሉ።

መጀመሪያ ምንም ሳትነኩ አንድ የውድድር ዓመት አስኬዱና የቡድናችሁን የመከላከል ሪባውንድ መቶኛ ጻፉ። ከዚያ ወደ ቅጂው መጀመሪያ ተመለሱና ቅልቅሉ 0.55 አካባቢ የሆነ አንድ ሰው ላይ ሪባውንዱን በ20 ጨምሩ። ዓመቱን እንደገና አስኬዱ። የሰውየው የግል አማካይ ወዲያው ያድጋል፤ በላይኛው ምሳሌ ብናስበው ከ30ው ኳስ 7 የሚወስደው ከ9 በላይ ይወስዳል። የቡድኑ መቶኛ ግን የሚጠበቅበት ጭማሪ ግማሽ ነጥብ እንኳ አይሞላም። 82 ጨዋታ ላይ ይህን ከዕድል መለየት አትችሉም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ወርዶ ታገኙታላችሁ።

ሦስተኛ ዙር፤ ጭማሪውን ለአንድ ሰው መስጠት ተዉና አሥሩም ተሰላፊና ተቀያሪዎች ላይ ሪባውንድን በ30 በ30 ጨምሩ። አሁን መቶኛው በሦስት ነጥብ አካባቢ ብድግ ይላል፤ በዓይን ይታያል። የግል ሰንጠረዡን ስታዩ ደግሞ የትልቁ ሰውዬ ሪባውንድ ወርዷል፤ ሁሉም ሲያድግ የእሱ ብልጫ ጠበበ። ያን ሰንጠረዥ ስክሪንሾት አድርጌ ለአክስቴ ልጅ ላክሁለት። «ታዲያ ጋሼ፣ ያንን የ14ቱን ሰውዬ ስንት ልሽጠው?» አለኝ። የሦስት ዓመት ኮንትራት ያለው ረጅም ጋርድና የሁለተኛ ዙር የድራፍት ምርጫ ጠይቅ አልኩት።